አጥፍተዋል ወይ?

ጥቅምት 6

ለልጄ፣

ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። ሰዓት ሠሪው ሱቅ ደውለሽ «ሰውየው ራሱን ይችላል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ አሉ። ይችላል። ጺሜን ራሴ እላጫለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፤ አንሶላ ሲሆን ብቻ መጭመቁ ይከብደኛል። ከገበያ የያዝኩትን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ፣ አንዴ ብቻ አርፌ። ሾርባ እሠራለሁ፣ ሩዝ እሠራለሁ፣ እንቁላል እጠብሳለሁ። የመድኃኒቴን ሰዓት አልስትም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል። ከቀኝ እጄ ሁለቱ ጣቶች ደንዝዘዋል፤ ስነካቸው የሌላ ሰው ጣት የያዝኩ ይመስለኛል። ከዚህ ሌላ ሁሉም ደህና ነው።

የሰላምታውን ደንብ የረሳሁ እንዳይመስልሽ። «እንደምን ከረምሽ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀ ሰው ዛሬ ተነሥቶ «እንደምን ከረምሽ» ቢል ያስቃል ብዬ ተውኩት።

የምጽፍልሽ ስለ ማሽን ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ስልክ አይሆነኝም። ጆሮዬ አርባ ዓመት የብረት መቅረጫ ቶርኖ ጩኸት ጠግቦ ሥራ አቁሟል። ፊት ለፊት ቆሞ የሚጮህልኝን እሰማለሁ፤ ቀጭን ድምፅ ግን የለም፣ ስልክ የለም። በስልክ የሚላከው ጽሑፍ ደግሞ ለዓይኔ ጉንዳን ነው። ወረቀት ይሻላል። ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ፊደሌ የሚስማር ያህል ይወፍራል፣ ግን ይነበባል።

ትንሿ ቶርኖ ታመመችብኝ። ጡረታ ስወጣ እናትሽ የገዛችልኝ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው። ፋብሪካ ውስጥ የምሠራባት ቶርኖ አንድ ክፍል ትሞላ ነበር፤ ይቺ የልብስ ስፌት መኪና ብታክል ነው። ቢሆንም ብረት ትቆርጣለች። የሰዓት ሠሪውን ፒኖች፣ የጎረቤቶቼን የመስኮት እጀታ የምሠራው በሷ ነው። ቀኔን የምገፋው በሷ ነው። ከወር በፊት እየዞረች ሳለ በራሷ መቆም ጀመረች። ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታው ትነሣ ነበር። አሁን በቡጢም አትነሣም። አረንጓዴ መብራቷ ይበራል፣ ሞተሯ ግን ንቅንቅ አይልም።

የኋላ ክዳኗን ፈትቼ በካቻቪቴ ነካካሁ። እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ብዙም አልተሰማኝም። ብረት የኔ ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን ያንቺ ነው። የሰው ሊፍት የምትጠግን ሴት ይቺን አታጣትም። ምን ልፈትሽ? በተራ በተራ አድርገሽ፣ ፊደሉን ጎላ አድርገሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ


ጥቅምት 29

ለልጄ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ለመዘግየት ይቅርታ ማለት ቀላል ነው።

«እርስዎ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። አንብቤ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፣ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ። አፍሽን ከፈታሽ ጀምሮ «አንተ» ነበር የምትይኝ። እናትሽ «አባትሽን አንቱ በይው» ስትልሽ «አንቱማ የሚባለው የሩቅ ሰው ነው» ትያት ነበር። አሁን ሩቅ ነኝ ማለት ነው። ይሁን።

የማሽኑን ጉዳይ ገና ሳትነኪ ከላይ አንድ ነገር ለብቻው ጽፈሻል። «ከሁሉ በፊት እውነቱን ይንገሩኝ። አጥፍተዋል? ይህን ሳላውቅ ወደ ሌላው ጥያቄ አልሄድም» ትያለሽ። አሥራ አንድ ቀን ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሰዓት ሠሪው አየኝ።

«ምን ትላለች ልጅህ?»

«የኤሌክትሪክ ነገር ነው።»

«እስቲ አሳየኝ፣ እኔ ቶሎ አነባለሁ።»

«አላሳይህም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ አየኋቸው» አለኝ።

መልሱ ይኸው። አዎ፣ አጥፍቻለሁ።

እናትሽ ሆስፒታል የተኛችው አሥራ አንድ ቀን ነው። በመሐል አንድ ቅዳሜ ደወልሽ፤ ያን ጊዜ ግራ ጆሮዬ ትንሽ ይሰማ ነበር። «እናቴስ?» አልሽኝ። «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አልኩሽ። ተኝታ ነበር። የሙያ ፈተናሽ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ልጅቱ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ይቺም ትድናለች ብዬ ወሰንኩ። ማንንም አላማከርኩም። በቀብሩ ቀን፣ ከቀብሩ በኋላ መጥተሽ፣ ልብስሽን እንኳ ሳትቀይሪ፣ «ለምን አልጠራኸኝም?» ብለሽ ጮኽሽ። «እናትሽ አትጥራት ብላኝ ነው» አልኩሽ። ሻንጣሽን አንሥተሽ ሄድሽ።

እናትሽ አትጥራት አላለችም። «ልጄን ጥራልኝ» ነው ያለችኝ። ሁለት ጊዜ። አንዴ ሰኞ ጠዋት፣ ነርሷ ትራሷን እያስተካከለችላት። አንዴ ሐሙስ። ሰኞ «ነገ» አልኳት። ሐሙስ «ነገ» አልኳት። አርብ ሞተች።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ። አልጠራትም ብዬ ወስኜ ነበር፣ ካልኩት አልተመለስኩም። የወለድኩትም ጠፋ።

ያጠፋሁት ይህን ነው። አሁን ወደ ሌላው ጥያቄ መሄድ ትችያለሽ። ማሽኗ እንደቆመች ናት።

አባትሽ


ኅዳር 11

ለአባቴ፣

ደብዳቤዎን ሥራ ላይ ነው የከፈትኩት፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ፎቅ መካከል ሊፍት ጣሪያ ላይ ተቀምጬ። የማሽኑ መልስ መስሎኝ።

እኔ የጠየቅሁት ማሽኑን ነበር። አጥፍተዋል ወይ ያልኩት ማብሪያ ማጥፊያውን ነው። በእኛ ሥራ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ኤሌክትሪኩን ሳያጠፋ ክዳን የሚከፍት ሰው ይሞታል። «እስከ ክርኔ ነዘረኝ፣ ብዙም አልተሰማኝም» ብለው ሲጽፉ ደንግጬ ነው እንዲያ አጥብቄ የጠየቅሁት። ለሠራተኞቼም እንደዚያው ነው የምላቸው፤ እውነቱን ንገሩኝ፣ አጥፍታችኋል?

ሁለት ዓመት እናቴ ልታየኝ አልፈለገችም ብዬ ነው የኖርኩት። ምን አጥፍቼባት ይሆን እያልኩ። በዚያ ዓመት ቸኩዬ የዘጋሁባትን ስልክ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ልደቷን የረሳሁበትን ዓመት አስታወስኩ። ፈተናውን አልፌያለሁ። የምስክር ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከፖስታው አልወጣም።

ሰኞ ነገ፣ ሐሙስ ነገ? አንተ ሰው፣ ስልኩ እኮ ኪስህ ውስጥ ነበር! አንድ ቁጥር መጫን ነበር እኮ!

የማሽኑን ነገር በሌላው ወረቀት ጽፌዋለሁ። ከዚህኛው ጋር አታቀላቅለው። ስፒናውን ከግድግዳው ንቀል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ንቀል። ነቅለህ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፤ ውስጧ የቀረው ኃይል እስኪወጣ።


ኅዳር 24

ለልጄ፣

ነቅያለሁ። አሥር ደቂቃም ጠብቄያለሁ። ወንበር ስቤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች እያየሁ ቁጭ አልኩ። አሥር ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

«አንተ» ብለሽ ተቆጥተሽኛል። ከእርስዎው ይሻላል።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሾርባ ሠራሁ። በላሁ። ሳህኑን አጠብኩ። ምን ተሰማህ ብትይኝ ምንም። ልክ እንደ ጣቶቼ ነው፣ እንዳለ አውቃለሁ፣ ስነካው የሌላ ሰው ነው። አለቀስኩ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይልሽ ነበር ይሆናል። አላለቀስኩም። ከእንግዲህ ላንቺ የሌለ ነገር አልጽፍም።

በሌላው ወረቀት ለጠየቅሽው። ፊውዙን አውጥቼ በመስኮት ብርሃን አየሁት፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ አልተቃጠለችም። ቢሆንም አዲስ ገዝቼ ቀየርኩት፣ ለውጥ የለም። ሞተሩ ጎን ያሉትን፣ ኃይል የሚያቀብሉትን ሁለቱን ካርቦኖች አወጣኋቸው። አልቀዋል ብዬ ነበር፤ ግማሽ እንኳ አላለቁም። ጠርጌ መለስኳቸው። ከመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ማንኪያ የሚሆን የብረት ፍቅፋቂ ወጣ፤ ሽቦዎችን ያገናኛል ያልሽው እሱ ነበር፣ ግን አላገናኘም። ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ አልተጫነም። መከለያውንም ጠይቀሻል። መከለያው አለ።

ከወረቀቱ ጥግ በእርሳስ ጽፈሽ ላጥፋው ብለሽ በደንብ ያልጠፋውንም አንብቤዋለሁ። አልተሠቃየችም። ሐሙስ «ልጄን» ካለችኝ በኋላ ብዙ አልተናገረችም። አርብ ጠዋት ሳሙና ልገዛላት ወርጄ ነበር። ስመለስ አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ ፊቷን በአንሶላ ሸፍናላት አገኘሁ። ሳሙናውን ምን እንዳደረግኩት አላስታውስም።

ሰዓት ሠሪው የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን አውሶኛል። ማዞሪያውን በምን ላይ እንደማደርገው ጻፊልኝ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 9

ለልጄ፣

«ያልነገርከኝ ነገር አለ?» ብለሽ ጽፈሻል። ስለ ማሽኗ ይሁን ስለ ሌላው አልለየሽም። ባለፈው አንዱን ለሌላው አንብቤ ስለነበር፣ አሁን ለሁለቱም ልመልስ።

መጀመሪያ ማሽኗ። እንዳልሽው ስፒናውን ነቅለን ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ላይ አደረግነው። ሽቦው ካልተቆረጠ ይጮኻል ብለሻል። ይጮኻል፤ ለማን? እኔ ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ሰዓት ሠሪውን ከሱቁ ጎትቼ አመጣሁት። እኔ እነካለሁ፣ እሱ ይሰማል።

«ጮኸ?»

«ጮኸ።»

«አሁንስ?»

«ጮኸ። ቀስ በል እንጂ፣ በግ የምታርድ አስመሰልከው።»

«አንተ ጆሮህን ብቻ ስጥ። አሁንስ?»

«ዝም።»

«ዝም ነው ወይስ አንተም ደነቆርክ?»

«ዝም ነው አልኩህ! ይኼ ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። ወደ መከለያው ነው የሚሄደው። መከለያው የሚሽከረከረውን ብረት የሚሸፍን ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ሲነሣ ከሥሩ ያለች የጥፍር ያህል ማብሪያ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች፣ ሰው እጁን እንዳያስገባ።

«መከለያው የታል?» አለኝ።

«አለ።»

«የት?»

«አልጋ ሥር።»

የመጣች ቀን ነው የፈታሁት። አርባ ዓመት ያለ መከለያ ሠርቼ አሥሩም ጣቶቼ ሳይጎድሉ፣ አሁን ፕላስቲክ ሊጠብቀኝ ነው እንዴ ብዬ። ትንሿን ማብሪያ ተጭና እንድትቀር በእናትሽ የስፌት ክር ጠምጥሜ አሰርኳት። ክሩ ዘይት ጠጥቶ ላላ። ማብሪያዋ አንዴ ትነካለች፣ አንዴ አትነካም። ሁለት ወር ሙሉ ያለፋሁሽ ይኼው ነው። «መከለያው አለ» ስልሽ ደግሞ አለ፣ አልጋ ሥር አለ። «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ስልሽም ተኝታ ነበር። እኔ የምዋሸው እንዲህ ነው።

ሰዓት ሠሪው አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አንተ ደረቅ፣ ሰው ለሐኪምና ለጠጋኝ ይዋሻል?» አለኝ። የመከለያውን አቧራ በእጅጌው ጠርጎ ራሱ ገጠመው። ክሩን ቆረጥን። ስፒናውን ሰካን። ዞረች። እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ መዞሯን በመዳፌ አወቅሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዞረች፣ በቃ።

ሁለተኛው፣ ሌላው። ሰዓት ሠሪው ሲስቅ አየሁትና ይኼ ሰውዬ ስላንቺ የሚያውቀው እኔ የነገርኩትን ውሸት ነው ብዬ አሰብኩ። በቀብሩ ቀን አክስትሽ ፊቷን ያዞረችብሽ ከሐዘን አይደለም። «እህቴ ስትሞት ልጇ የት ነበረች?» ብላ ስትጠይቀኝ «ነግሬያታለሁ፣ ፈተና አለብኝ አለች» ብያታለሁ። ነርሷንም «ልጄ ሰምታለች» ብያታለሁ። ለድሮ ባልደረቦቼም፣ ለሰዓት ሠሪውም ያው ነው። ላንቺ በእናትሽ አሳበብኩ፣ ለነሱ ባንቺ አሳበብኩ። እኔ መሐል ላይ ንጹሕ ሆኜ ቀረሁ።

ከዚህ ሌላ የለም። አልጋ ሥርም አይቻለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 27

ለአባቴ፣

መከለያውን ሁለተኛ እንዳትፈታው።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አክስቴ ያን ቀን እጄን ስዘረጋላት እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም። ሰው ሐዘኑን የሚወጣው በየራሱ መንገድ ነው እያልኩ ስለሷ ራሴን ሳስረዳ ኖርኩ። ለካ በዚያ ሰፈር እናቷ እየሞተች ፈተና የመረጠች ልጅ ነኝ። የምታወቀው በዚያ ነው።

ልነግራት ቁጥሯን አውጥቼ ነበር። ተውኩት። እኔ ብነግራት ራሷን ልታነጻ ነው ትላለች። ደግሞም የኔ ሥራ አይደለም፣ ያንተ ነው።

ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከኔ አትጠብቅ። ይቅር አላልኩህም የሚልም አትጠብቅ። አላውቅም፤ ገና አልከፈትኩትም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አንተ ለአክስቴ ነግረሃት፣ እሷ ራሷ ደውላ «ነይ» ካለችኝ እመጣለሁ። በሌላ በማናቸውም መንገድ አልመጣም፤ ታመምኩ ብትለኝም አልመጣም።

ለማን እንደነገርክ፣ ለማን መቼ እንደምትነግር ጻፍልኝ። አንድም እንዳትደብቅ።

ልጅህ


ጥር 8

ለልጄ፣

ደርሶኛል። «ታመምኩ ብትለኝም» ያልሽው ልክ ነው፤ አስቤው ነበር።

ከታች ከምዘረዝራቸው ለአንዱም አንቺ እንዳትደውዪ፣ እንዳትጽፊ። የኔ ዕዳ ነው፣ ራሴ ነኝ የምወጣው።

ለሰዓት ሠሪው ነግሬዋለሁ፣ ማክሰኞ። ሰዓት ፈትቶ ነበር፤ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ ሰማኝ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «እኔ እኮ ልጅቱን ለሰው አምቻታለሁ። በስልክ ስትጠይቀኝ እንኳ በግማሽ አፌ ነው የመለስኩላት» አለኝ። ሂድ አላለኝም፣ ተቀመጥም አላለኝም። ሦስት ቀን ሱቁ በር ላይ ሳልፍ ቀና ብሎ አላየኝም። በአራተኛው ቀን የተሰበረች ፒን በወረቀት ጠቅልሎ ላከልኝ። ሥራ ልኳል፣ ሰላምታ አልላከም። ሰላምታውን እስኪልክ ድረስ ዕዳዬ አልተከፈለም ብዬ ይዤዋለሁ። ያማሽበትን ቤት ሁሉ ንገረኝ ብዬዋለሁ፤ ሦስት ቤት ነው። ሦስቱንም አንኳኳለሁ።

ነርሷ። ስልኳን አውጥታ «አባባ፣ ቁጥሯን ይንገሩኝ፣ እኔ ልደውልላት» ያለችኝ ልጅ ናት። ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች። ሁለት ቀን በር ላይ ቆሜ አጣኋት። ዘበኛው «አባት፣ ታካሚ ነዎት ወይስ ጠያቂ?» አለኝ፤ ምን ልበለው? ረቡዕ የጠዋት ተረኛ ናት ብለውኛል። ረቡዕ እሄዳለሁ። አታስታውሰኝም ይሆናል። ያም ቢሆን እነግራታለሁ።

ባልደረቦቼ። ከኔ ጋር አራት ቀርተናል። በየወሩ በሁለተኛው እሁድ ሻይ ቤት እንገናኛለን። ከመካከላችን ብየዳ ሠራተኛ የነበረው፣ የዛሬ ልጆችን ማማት ሲጀምር «የሱን ልጅ አታዩም?» እያለ ወደኔ ይጠቁማል። እኔ ሻዬን አማስላለሁ። በዚህ እሁድ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ድምፄ ስለማይሰማኝ እጮኻለሁ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ይስማ።

አክስትሽ። መጨረሻ ያደረግኳት ስለምፈራት ነው። ትላንት ሄጄ ነበር። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍታ «ምን ፈለግክ?» አለችኝ። «ስለ ልጄ ነው» ስላት ዘጋችው። ያንቺን ስም ሰምታ አይደለም የዘጋችው፣ እኔ ያስተማርኳትን ሰምታ ነው። በተዘጋ በር ላይ ጮኼ ልናገር ነበር፤ ይኼ ግን ፊት ለፊት የሚባል ነገር ነው፣ ዓይኗን እያየሁ። ሐሙስ እሄዳለሁ። ጠዋት፣ ጉልበቴ ሳይደክም። ብትዘጋብኝ አርብ እሄዳለሁ። አርብ ብትዘጋው ቅዳሜ። እሁድ ባልደረቦቼ ጋ ነኝ። ሰኞ እሄዳለሁ።

አባትሽ